ስድብ በዐዋጅ ይከለከላልን?



ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላው ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ ላይ ጎረቤላን ያገኛታል። ጎረቤላ ዛሬ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከእርስዋ ባሻገር ባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ የሸዋ ነገሥታት ግቢ ነበረ። ስለዚያ ግቢ፣ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የግብር አዳራሽና ስለ ምኒልክ የወጣትነት ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ደጋግመን ሰምተናል። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን በዚያ አገር ማረሻውን ስለ ቀጠቀጠው፣ ቆዳውን ስለ ፋቀው፣ ኩታውን ስለ ሸመነውና እንስራውን ስለ ሠራችው ነው። የእነዚህ ሰዎች መብት ምን ነበር? መንግሥትስ መብታቸውን ለመጠበቅ ብሎ በሕዝብ ልማድ ውስጥ እጁን ማስገባት ይገባው ነበርን?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍና የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ካፒቴን ሃሪስ በየተራ ወደ አንኮበር መጥተው ነበር። ሁለቱም በአንኮበር ተራሮች ጥግ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይኖሩ ስለ ነበሩ ጠይቦች በመጽሐፋቸው ጽፈዋል። ንጉሡ ስለ ሙያቸው ይፈልጋቸው ነበር፤ ሕዝቡ ግን እንደ አስማተኛ ይፈራቸው ነበር። ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣሉ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባልላቸው እንደ ነበረ ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እንመርምር። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ወታደሩ ያለ ጦር አይዘምትም፤ እመቤቲቱም ያለ እንስራ ውሃ አታስቀዳም። አገሩ ሁሉ በእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ የተያዘ ሆኖ ሳለ እነርሱን የሚያርቃቸው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ እሳትና ብረት የማያውቀውን ሰው ስለሚያስደነቁት ነው የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ምክንያት መሬት ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሰው የሚባለው በርስቱ ነበረ። ርስት ያለው ሰው አባቱና አያቱ ይታወቃሉ፤ ሲከሰስም ዋስ የሚሆነው ዘመድ አያጣም። ርስት የሌለው የእጅ ሠራተኛ ግን ሥራውን በእህል እየለወጠ በሰው መሬት ጠርዝ ላይ ስለሚኖር፣ በዳኛ ፊት ቆሞ ዋስ ጥራ ሲባል የሚጠራው ሰው አልነበረውም። ዋስ የሌለው ሰው ደግሞ ቢሰደብም፣ ቢደበደብም አቤት ማለት ይከብደዋል።

መሬት ማጣቱ ራሱ ከየት መጣ ቢባል፣ አንዳንድ ጊዜ ከመንግሥት ትእዛዝ መጣ ማለት ይቻላል። ለምሳሌ በጎንደር አካባቢ ይኖሩ ስለ ነበሩት ቤተ እስራኤል የሚነገረው ታሪክ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን የሚል ትእዛዝ ወጣ ይላል። ከዚያ ወዲህ ርስታቸውን ያጡት ሰዎች ወደ ብረት ሥራ፣ ወደ ሽመናና ወደ ሸክላ ገቡ፤ ዛሬ እንደ ስድብ ተቆጥሮ የተተወው ስማቸውም ከዚያ መጣ ይባላል። የሸዋውን ጠይብ ታሪክ ሙሉ በሙሉ በዚህ ልክ ማስኬድ አይገባም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። መጀመሪያ መሬቱ ይወሰዳል፣ ቀጥሎ ሙያው ይሰጣል፣ በመጨረሻ ሙያው ስድብ ይሆናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የውጭ አገር ሰዎችን ሰብስበው መድፍ እንዳሠሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁና እርሱን እንለፈው። ወደ አንኮበር እንመለስ። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ወደ ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ወደዚያው ወደ አንኮበር መጣ። ንጉሡም ሙያውን ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ጠየቁት እየተባለ ይነገራል። ኢልግ ከዓመታት በኋላ የመንግሥት አማካሪ ለመሆን በቃ። ቆዳ ሰፍቶና ብረት ቀጥቅጦ ተፈትኖ ያለፈ የውጭ ሰው በንጉሡ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ያንኑ ቆዳና ያንኑ ብረት የሚሠራ የአገር ልጅ ግን ከተራራው ጥግ አልተነሣም። ንጉሡ ይህን ሳያስተውሉ የቀሩ አይመስለንም።

ያስተዋሉ መሆናቸው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ይታወቃል። ያ ዓመት ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ልዩ ዓመት ነው፤ በጥቅምት ወር የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች የተሾሙት በዚያው ዓመት ነበረና። ዐዋጁ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ይከለክላል። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁቲት በጣሽ፣ ነጋዴው መጫኛ ነካሽ እየተባለ መሰደቡን አንድ በአንድ ይቈጥራል። ጸሐፊውንም አልረሳውም፤ እርሱም ስለ ጽሕፈቱ ጠንቋይ ይባል ነበር። እንግዲህ ብዕር ይዛችሁ የምትውሉ አንባብያን፣ በዚያ ዐዋጅ ውስጥ ከቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋር በአንድ መስመር ተሰልፋችኋል።

ዐዋጁ ክልከላውን የሚያቆመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የመጣ ስለ ሆነ ሁለተኛ ፍጥረት የለም የሚል ነው። ሌላው ደግሞ የመንግሥት ጥቅም ነው፤ ሰነፉ ብልሁን እየሰደበ ሙያውን ካስተወው አገር ባዶዋን ትቀራለች፣ በአውሮፓ ግን አዲስ ነገር የሚሠራ ይከበራል፣ ይሸለማል ይላል። ሠራተኛውን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፤ ቅጣቱም የአንድ ዓመት እስራት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ለሹማምንት የተጻፈው ቃል ነው። ተሳዳቢውን አስሮ ዓመት ማስቀመጥ የሚቸግራችሁ ከሆነ ወደ እኔ ስደዱልኝ ይላል።

ይህን ቃል እንዴት እናንብበው? ንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንታቸውን ያውቁ ነበር። ዐዋጁን የሚያስፈጽመው የአገር ገዢ በዚያው ልማድ ያደገ፣ ምናልባትም ከተሳዳቢው ጋር በዝምድናና በጉርብትና የተሳሰረ ሰው ነበረ። እንዲህ ያለ ሹም ባለ ርስቱን ዘመዱን ስለ አንድ ቀጥቃጭ ብሎ ዓመት ያስራል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ለሹሙ ማመካኛ እንዳያገኝ በሩን ዘጉበት። ዳሩ ግን የአገሩ ሁሉ ተሳዳቢ አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ የሚያልቅ አልነበረም፤ ምኒልክም ከዚያ ወዲህ ጤናቸው እየተጓደለ ሄዶ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚህ ዐዋጅ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ወገን ክብር ከልብ የሚመነጭ ነገር ነው፤ መንግሥት የሰውን አንደበት በእስራት ሊያርመው አይችልም፣ ቢሞክርም ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይጠፋም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ከጓዳ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስድቡን በጆሮው ሳይሰማ ያደገ ልጅ የአባቱን መዶሻ አያፍርበትም ብሎ ይመልሳል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ዘንግተዋል እንላለን። ዐዋጁ ስለ አንደበት ብዙ ተናግሮ ስለ መሬት ምንም አልተናገረም። ስድቡን ከለከለ፤ ስድቡ የበቀለበትን ርስት ማጣት ግን እንደ ነበረ ተወው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አልነበረም። በጃፓን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 የሜይጂ መንግሥት፣ ቆዳ በመሥራትና ከብት በማረድ ይኖሩ የነበሩትን የተናቁ ወገኖች ስማቸውን ሽሮ ከሌላው ሕዝብ ጋር እኩል አደረጋቸው። ነገር ግን መሬት አልሰጣቸውም፤ ከዚያም በላይ የቆዳው ሥራ ለእነርሱ ብቻ የተጠበቀ መሆኑ ቀረ። በወረቀት እኩል በሆኑበት ዘመን እንጀራቸውን አጡ። ሕንድም በ1950 በሕገ መንግሥቷ ሰውን አትንካው የሚለውን ልማድ ሽራ፣ በ1955 የቅጣት ሕግ አወጣችበት፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ በየመንደሩ ያከራክራል።

በእኛ አገር በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኢትዮጵያውያን መካከል በመብት አድልዎ እንዳይኖር ደነገገ። የመሬቱ ነገር የተነሣው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ይህ ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ራሱ ሊያርስ ለፈቀደ ሰው ወንድና ሴት ሳይለይ እስከ 10 ሄክታር እንዲሰጠው አዘዘ። ስለ ጠይብ አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ሆኖም በሕግ ፊት የሸክላ ሠሪዋ ልጅና የባለ ርስቱ ልጅ በመሬት ጉዳይ እኩል የተባሉት በእርሱ ነው፤ ከ1900ው ዐዋጅ 67 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ብዙዎቹ ርስቱን አልጠበቁም። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ጀምሮ ከሰሜን ሸዋ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ወደ ከተማዪቱ እየመጡ ቀጨኔ ሰፈሩ። በከተማ ርስት አይጠየቅም፤ ገበያ ግን አለ። እዚያም ቢሆን ጎረቤት ልጁን አልዳረላቸውም፤ ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው እየተጋቡ ሙያቸውንም ምሥጢራቸውንም ጠብቀው ኖሩ። ይህን አይተው ራሳቸውን የለዩ እነርሱ ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ። በሩ ከውጭ የተዘጋበት ሰው ከውስጥ ቢቀረቅረው ግን አይደንቅም።

ጋብቻን መንግሥት ሊያዝዝበት አይችልም፤ ይህን ማንም አይከራከርም። ከባዱ ጥያቄ በመሬትና በጋብቻ መካከል ያለው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ አድልዎ እንዳይደረግበት ይከለክላል። እድር ግን የጎረቤቶች ማኅበር ነው፤ አባሉን የሚመርጠው ራሱ ነው። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር ተብሎ ከእድር የተገለለ ሰው ማመልከቻውን ይዞ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቢቆም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ጸሐፊ ነገሩን የግል ጠብ ብሎ ይመልሰዋል? ወይስ በመዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል?