ከጨራጨራ በር እስከ ግድግዳው ማብሪያ

የባሕር ዳርን የኤሌክትሪክ ታሪክ የሚተርክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ጀምሮ እዚያው ውሃው ላይ ይጨርሳል። ጢስ ዓባይ መቼ ተሠራ፣ ስንት ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ ጣና በለስ ስንት ጨመረበት ይባልና ነገሩ ያበቃል። አተራረኩ ስሕተት የለበትም፤ ግማሹን ግን ይተዋል። የመነጨው ብርሃን መቼ ይብራ፣ መቼ ይጥፋ፣ ማንስ ይወስን የሚለው ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ ስንከተል የምናገኘው በዚህች ከተማ ላለፉት 60 ዓመታት ውሳኔው ሁልጊዜ ከመብራቱ ርቆ ሲሰጥ መኖሩን ነው፤ አንዴ በወንዙ አፍ፣ አንዴ በማመንጫው፣ አንዴ በማከፋፈያ ጣቢያው። ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ከሚሠራበት ጠረጴዛ በላይ፣ ውሳኔ የሚሰጥ ማንም አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ ለንግድና ለቢሮ ሕንጻዎች የሚቀርበው በኔትወርክ የተሳሰረ ዲጂታል የመብራት መቆጣጠሪያ ብቻውን ሲታይ የሀብታም አገር ቅንጦት ይመስላል። ከዚህ ታሪክ ጋር ሲታይ ግን ባዶ ሆኖ የኖረውን ቦታ የሚሞላ መሣሪያ ነው።

ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት ብርሃንን የሚቆጣጠረው የሚነደው ነገር ራሱ ነበር። ኩራዝ ላምባው ሲያልቅ ይጠፋል፤ ጧፍ ሰሙ እስካለ ይነዳል፤ ፋኖስ ደግሞ ክሩን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ጎማ ስላለችው ብርሃኑን እንደ ሥራው መጠን መቀነስና መጨመር ይቻላል። በዘጌና በጣና ደሴቶች ባሉት ገዳማት ይህ ቁጥብነት ሥርዓት ሆኖ ይታያል። ክብ የሆነው ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ብርሃኑ እየሳሳ ይሄዳል። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉትን ሥዕሎች አጥርቶ ለማየት ትልልቆቹን በሮች መክፈትና የቀኑን ብርሃን ማስገባት ያስፈልጋል። ወንጌል ሲነበብ ጧፍ ይበራል፤ ንባቡ ሲያበቃ ይጠፋል። ብርሃን ለቦታው፣ ለሰዓቱና ለተግባሩ እየተለካ ይሰጥ ነበር። ይህን የምለው የድሮውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ የኩራዝ ጭስ ዓይንና ሳንባ ያቆስላል፣ የሣር ቤትም ያቃጥላል። ልክ መስጠት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ልኩ የጠፋው ኤሌክትሪኩ በመጣበት መንገድ ምክንያት ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ተከፈተ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1963 ተከተለው። በ1964 ደግሞ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል፣ ከጢስ እሳት ፏፏቴ አጠገብ፣ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ሲሆን ዋና ደንበኛው ፋብሪካው ነበር። ማመንጫውን የሚያሽከረክረው ወንዝ ሌሊትም ይፈሳልና ማታ መብራት ማጥፋት ለማንም የሚጠቅም ነገር አይመስልም ነበር። ሒሳቡን ለሠራው ግን ሌላ ነው። ውሃው በጢስ ዓባይ የሚወርደው 45 ሜትር ግድም ስለሆነ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት 10 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይፈልጋል። ሃያ ባለ 40 ዋት ፍሎረሰንቶች ከነባላስታቸው አንድ ኪሎ ዋት ይሆናሉ። በአንድ ባዶ ቢሮ ለ10 ሰዓት በርተው ቢያድሩ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ፏፏቴውን ትቶ በቦዩ አልፏል ማለት ነው። ውሃው አይጠፋም፤ ከታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ጢስ እሳትን ለማየት የመጣው ሰው ግን አያገኘውም።

ከተማዋ ስታድግ የተሠሩት ቢሮዎች፣ የመማሪያ ክፍሎችና ሆቴሎች የመብራት ዝርጋታ አንድ ዓይነት ጠባይ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። የሥራ ዝርዝሩ መብራትን በፖይንት ይቆጥራል፤ ተቋራጩ የሚከፈለው በዘረጋው ፖይንት ልክ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ለብቻው አንድ መስመር ይዞ ይቀመጣል፤ ዋጋ ይቀነስ ሲባልም መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ መስኮቱን ተጠግቶ ያለው ረድፍና ጨለማው ጥግ ያለው ረድፍ በአንድ ማብሪያ ይያያዛሉ። ጥጉ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ብርሃን ሲፈልግ የጣና ፀሐይ የሚወርድበት መስኮት ሥር ያሉት አምፖሎችም አብረው ይበራሉ። በኮሪደር ደግሞ ማብሪያው ብዙ ጊዜ የማከፋፈያ ቦርዱ ብሬከር ራሱ ነው። ለዚህ ሁሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ስንፍና መውቀስ ቀላል ነው፤ አሠሪዎቹ ግን የከፈሉትን ነው ያገኙት።

በክፍሉ ውስጥ የታጣው ቁጥጥር በወንዙ ላይ ግን በብርቱ ተሠርቶበታል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራጨራ የመጀመሪያዎቹ በሮች ተተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሮቹ ሰባት ሲደርሱ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለትም ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ራሱ ማጠራቀሚያ ሆነ፤ በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ ውሃው ለማመንጫ ሲለቀቅ ጣና እጅግ ዝቅ ብሎ ጀልባዎች ከወደብ መነሣት እስኪያቅታቸው ደርሶ ነበር። በግንቦት 2002 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚጠቀም ከአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከጢስ ዓባይ ብዙ እጥፍ ኃይል ያወጣል። ባሕር ዳር በብሔራዊው መስመር ከተገናኘች ወዲህ ግን ውሳኔው ይበልጥ ራቀ። በ2001 ዓ.ም. እና በግንቦት 2011 ኃይል ሲያጥር የመጣው መፍትሔ ፈረቃ ነበር፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ይጠፋል፣ ሌላው ሙሉ ይበራል። ቆረጣው ክፍልም የሚሠራውን ሥራም አይለይም።

ፈረቃ በሰው ጠባይ ላይ ያደረሰው ነገር እንደ ሜጋ ዋቱ አልተቆጠረም፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ቁልፍ እዚህ አለ። መብራት ሲሄድ ሰው ማብሪያውን አያጠፋም፤ ሲመጣ እንዲያውቅ ክፍት ይተወዋል። ቢሮ ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት መብራት ቢሄድና ሠራተኛው 11 ሰዓት ተኩል በሩን ቆልፎ ቢወጣ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመጣ ፎቁ ሁሉ ማንም በሌለበት ይበራል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው፣ የአገሪቱ ፍላጎት ጣራ በሚነካበት ጊዜ ነው። እጥረትን ለማቃለል የተፈጠረው ቁጥጥር ሌላ እጥረት ይወልዳል ማለት ነው። መብራት ኃይል በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነባሮቹን አምፖሎች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎች ሲተካ ያነጣጠረው በዚሁ የምሽት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሥራውም ጠቃሚ ነበር። ለባዶ ክፍል የሚበራውን አምፖል ግን በቆጣቢ መተካት ብክነቱን ያሳንሰዋል እንጂ አያስቆመውም።

አዲሱ መሣሪያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ዳሊ በሚባለው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ በተጀመረውና በኋላ ዓለም አቀፍ ደረጃ በሆነው አሠራር ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በአንድ መስመር እስከ 64 መብራቶችን ያገናኛሉ። እያንዳንዱ መብራት የራሱ አድራሻ ስላለው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚበራ የሚወስነው የሽቦው አዘረጋግ ሳይሆን በኋላም ሊለወጥ የሚችል መመሪያ ነው። መስኮት አጠገብ ያለው ረድፍ የቀኑን ብርሃን በሚለካ ሴንሰር ይደበዝዛል፤ ሰው የሌለበት ክፍል ይጠፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እያንዳንዱ በምን ልክ እንደሚጀምርም አስቀድሞ ይሞላል፤ የፈረቃው በሽታ መድኃኒት ይኸው አንድ ቅንብር ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲዛይንላይትስ ኮንሶርቲየም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት 194 ሕንጻዎች በዚህ ዓይነት ቁጥጥር በአማካይ 49 በመቶ የመብራት ኃይል ቆጥበዋል። ይህን አኃዝ እንዳለ ወደ ጣና ዳር ማምጣት ግን አይገባም። ቁጠባው ከሕንጻ ሕንጻ በእጅጉ ይለያያል።

ተቃውሞው ከዋጋ ይጀምራል። ኤሌክትሪክ እዚህ ርካሽ ነው፣ የኤል ኢ ዲ አምፖልም ትንሽ ዋት ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ የሚቆጠበው ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ዕቃ አይመልስም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ለአንድ ባለ አምስት ክፍል የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ለአንድ ምግብ ቤት ይህን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፤ ረድፎቹን ለየብቻ በማብሪያ መክፈል ይበቃል። ርካሽነቱ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ከ12 ዓመት በላይ ሳይነካ የኖረው ታሪፍ በታኅሣሥ 2011 በደረጃ መጨመር ጀመረ፣ በመስከረም 2017 ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተከተለ፤ ሕንጻ የሚቆመው ለ50 ዓመት ነው። ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ለሆስፒታል ኮሪደር ወይም ለትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ሒሳቡ ዛሬም ሊሠራ ይችላል፤ ሽቦው የሚቀበረው ሕንጻው ሲሠራ ነውና ጥያቄው መነሣት ያለበት በግንባታው ዘመን ነው። በአዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጥቶ የነበረውን የኃይል ቁጠባ ጉዳይ ዛሬ የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ከመሣሪያ ደረጃ አልፎ ወደ ሕንጻ ዝርጋታ ቢመለከት ሥልጣኑ አያንሰውም።

ሌላው ተቃውሞ ዘበኛው ነው፤ በደመወዙ ማብራትና ማጥፋት የሚችል ሰው በር ላይ እያለ ኮምፒውተር ለምን? ለውጭ መብራት ይህ መከራከሪያ አሳማኝ ነው። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ቀኑ በክረምት 8 ሰዓት፣ በበጋ 16 ሰዓት በሚሆንባቸው የሰሜን አገሮች የተፈለገው የሥነ ፈለክ ሰዓት ቆጣሪ እዚህ አያስፈልግም፤ አንድ ፎቶሴልና አንድ ኮንታክተር ለግቢው ይበቃሉ። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ዘበኛው የቢሮዎቹ ቁልፍ የለውም፣ እንዲኖረውም ማንም አይፈልግም። የሚያስቀው ነገር አገሩ የተያያዘው በተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይና በየከተማው የተስፋፋው የኮሪደር ልማት በማታ በቀለማት ደምቀው ይታያሉ፤ ቀለም የሚቀያይር መብራት ደግሞ ያለ ተቆጣጣሪ አይሠራም። ቴክኖሎጂው ለጌጥ ሲሆን አልከበደንም።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ ግን በቅርቡ የታየው ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ውሳኔውን ሌላ አህጉር ካለ ሰርቨር የሚጠብቅ፣ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚታዘዝ ሕንጻ በዚያን ጊዜ ጌታው እንደሄደበት ቤት በሆነ ነበር። ስለዚህ ይህ ታሪክ ማንኛውንም «ስማርት» የተባለ ዕቃ አያጸድቅም። ከመብራቱ የራቀ ቁጥጥር በወንዙ አፍ ቢሆንም በደመና ሰርቨር ቢሆንም ያው ነው። ተገቢው ውሳኔውን በዚያው ፎቅ የሚሰጥ፣ መስመሩ ቢበጠስ መብራቶቹን በተቀመጠላቸው ልክ አብርቶ የሚቆይና ግድግዳው ላይ በእጅ የሚነካ ማብሪያ የተወለት ነው። ኃይሉ ሲዋዥቅ የሚቃጠሉ ድራይቨሮች እንዳይበዙም መከላከያው ከቦርዱ ጋር አብሮ መገዛት አለበት።

የመጨረሻው ቋጠሮ ያለው ከዕቃው ይልቅ ርክክቡ ላይ ነው። ተቋራጩ ቁልፎቹን፣ የጄኔሬተሩን መመሪያና የሊፍቱን ዋስትና ያስረክባል። የመብራቶቹ የአድራሻ ዝርዝርና የመቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ በስም ካልተጻፉ በጫነው ባለሙያ ላፕቶፕ ውስጥ ቀርተው አብረውት ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የሕንጻው ጥገና ክፍል ምርጫው አንድ ነው፤ መቆጣጠሪያውን ነቅሎ ሽቦውን ከብሬከሩ ጋር በቀጥታ ያገናኛል።