ያለ ድንኳን ያለፈ ሞት

ብዙዎቻችን የማኅበሩ አባላት በ1967 ዓ.ም. ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የምናድግ ሴት ልጆች ነበርን። ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሟሟት ብዙ ተጽፏል፤ ማን አዘዘ፣ ማን ፈጸመ የሚለውም ተደጋግሞ ተነግሯል። እኛ ግን የምናነሣው በልጅነት ዓይናችን ያየነውን፣ እናቶቻችን እቤት ውስጥ ያደረጉትን ነው።

ዜናው በሬዲዮ የተነገረው ነሐሴ 22 ቀን ነው። ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት አልሞላም፤ ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሁላችንም እቤት ነን። የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ቀደም ሲል ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕመም ትናንት አርፈዋል ተባለ። ዕድሜያቸው 83 ነበር። ትናንት ማለት ነሐሴ 21፣ የማርያም ዕለት ነው። እናቶቻችን ከሁሉም በፊት ያስታወሱት ይህን ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የሐዘን ቀን አልታወጀም፤ ቀብሩ የት እንደሆነም አልተነገረም።

እኛ ልጆቹ ግን የንጉሥ ሞት ምን እንደሚመስል ከእናቶቻችን ሰምተን ነበር። እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አርፈው ቅድስት ሥላሴ ሲቀበሩ የነበረውን ልቅሶ ቡና በተፈላ ቁጥር ያወሩልን ነበር። ስለዚህ ድንኳን ጠበቅን፣ አልቃሽ ጠበቅን። የአንዳንዶቻችን እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጓዳ ገቡ፤ የውጭ በር ሲንኳኳ ደግሞ መልሰው አስተካክለው ለበሱት። አንዲት አባላችን እናቷ ለጎረቤት «አገር ቤት ያለች አክስቴ ሞታ ነው» ስትል ሰምታለች። አክስት የሚባል ሰው አልነበራቸውም። ልጅቷም ዝም አለች፤ ዝም ማለት እንደሚገባት ያወቀችው ግን ማንም ነግሯት አይደለም።

ፍርሃቱ ካለ ምክንያት አልመጣም። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን 60 ባለሥልጣናት ተረሽነው አስከሬናቸው ለቤተሰብ ሳይሰጥ ቀርቶ ነበር። ሬሳ ሳያዩ ማልቀስ ምን እንደሆነ ከተማው ያኔ ተምሯል።

ሁሉም ማልቀስ ፈልጎ ተከለከለ ብንል ግን ውሸት ይሆናል። ሞቱ የተሰማው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ገና ወር ከጥቂት ቀን ቢሆነው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ቤቷ የተወረሰባት አከራይ እያነባች፣ ተከራይዋ በሆዷ «ተመስገን» ትል ነበር፤ ሁለቱም ግን ያንኑ ጀበና ከበው ይቀመጣሉ። ከመካከላችን ወላጆቿ በረሃቡ ዘመን ከወሎ ተሰደው የመጡ አባል አለች። መስከረም 1 ማታ ረሃቡን የሚያሳየው ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ እናቷ በሰው ቤት መስኮት በኩል አይተውታል፤ በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። እኚህ እናት በነሐሴ አላለቀሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የት ቀበሯቸው?»

ለእኛ ለልጆቹ ነገሩን ይበልጥ ግራ ያደረገው ገንዘቡ ነበር። ጨው ግዙ ተብለን ስንላክ የያዝነው ሳንቲም ላይ የንጉሡ መልክ አለ። ብሩ የተቀየረው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ አገሩ ሁሉ ስማቸው የማይነሣውን ሰው ፊት በእጁ እያገላበጠ ይገበያይ ነበር።

አያቶቻችን ግን ብዙም አልተገረሙም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያውቁ ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደብቋል። ኋላ ልጃቸው ዘውዲቱ ነግሠው ለአባታቸው መካነ መቃብር እንዲሆን ታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያምን አሠሩ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። ለእኛ ግን ከዘውዲቱ ሥራዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብናል፤ ሴት ልጅ ነግሣ የአባቷን እርም አወጣች።

የኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከሲሚንቶ ሥር ተቆፍሮ ሲወጣም ያረፈው እዚያው በአታ ነው። ስምንት ዓመት ያህል ቆየ። ታፍነው መገደላቸውም በደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ላይ በክስ ቀረበ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከእቴጌ መነን ጎን ተቀበሩ። መንግሥት ቀብሩን የመንግሥት ቀብር አላደረገውም፤ የመጣውም ሰው ከተጠበቀው ያነሰ ነበር። ከእኛ የሄድን አለን። አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ጥላ የያዙ ካህናት እያሸበሸቡ፣ በአጠገባችን የቆሙ አሮጊቶች ደረታቸውን ይመቱ ነበር። እኛም አለቀስን። ለንጉሡ ነበር ብለን አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም። አብዛኞቻችን ያለቀስነው ጓዳ ገብተው ለነበሩት፣ ይህን ቀን ሳያዩ ላለፉት እናቶቻችን ነው።

ልጆቻችን ያዩት ሌላ ነው። አቶ መለስ ዜናዊ ማረፋቸው ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲነገር በየሰፈሩ ድንኳን ተተከለ፣ ቴሌቪዥኑ እስከ ቀብሩ ቀን እስከ ነሐሴ 27 ድረስ ልቅሶ ብቻ ሆነ። ከልቡ ያዘነ ነበር፤ ስሙ ከመዝገብ እንዳይጎድል ብሎ የመጣም ነበር። አንዷ ልጅ እናቷን «ካላለቀስኩ ይቆጡኛል?» ብላ ጠይቃታለች። ያቺ እናት በ1967 ዓ.ም. «ካለቀስኩ ይቆጡኛል?» ብላ ጠይቃ የነበረችው አባላችን ናት።

እሳቸውም የተቀበሩት ቅድስት ሥላሴ ነው። የ60ዎቹም ዐፅም በ1984 ዓ.ም. እዚያው አርፏል። ለእድርተኛ ቀብር ወደዚያ በሄድን ቁጥር በሁሉም መቃብር አጠገብ እናልፋለን።

ይህን የጻፍነው የአዲስ አበባዎቹ ብቻ ነን። በጎንደር፣ በደሴና በሐረር ያደጋችሁ አባላት ያ ነሐሴ በእናንተ ቤት እንዴት እንዳለፈ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን፤ መጻፍ የሚያስቸግራችሁ እናቶች በወሩ ስብሰባ ላይ ብትነግሩን እኛ እንጽፈዋለን።