የፊንላንድ ብሔራዊ የአስም ፕሮግራም

የፊንላንድ ብሔራዊ የአስም ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 የተካሄደ የሕዝብ ጤና ሥራ ነው። ዓላማው አስም በታማሚዎችና በአገሪቱ ላይ የሚያደርሰውን ጫና መቀነስ ነበር። ሥራው የተከናወነው በዋናነት በየአካባቢው በነበሩ ጤና ጣቢያዎችና መድኃኒት ቤቶች አማካኝነት ነው።

መነሻ

አስም የሳንባ አየር ቧንቧዎች ሥር የሰደደ ብግነት ነው። ቧንቧዎቹ ሲቆጡ ያብጣሉ፣ ይጠባሉ፤ ታማሚው ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። ቀደም ሲል ሕክምናው ያተኮረው ትንፋሽ ሲያጥር ቧንቧውን ለጊዜው በሚከፍት መድኃኒት ላይ ነበር። ይህ መድኃኒት ፈጥኖ ቢያስታግስም ብግነቱን አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1991 ታሪ ሃህቴላና ባልደረቦቹ አስም በቅርቡ በታወቀባቸው 103 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በጥናቱ በኢንሄለር የሚሳብ ኮርቲኮስቴሮይድ የወሰዱት ሰዎች ቧንቧ ከፋች መድኃኒት ከወሰዱት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። የፕሮግራሙ ዋና መልእክትም ይኸው ነበር፦ አስም ብግነት ስለሆነ ከመጀመሪያው እንደ ብግነት መታከም አለበት።

ግቦች

* በሽታው በጊዜ ታውቆ በተቻለ መጠን ብዙ ታማሚዎች እንዲያገግሙ፤
* ታማሚዎች ጤንነት እንዲሰማቸውና በዕድሜያቸው ልክ እንዲሠሩ፤
* ከባድና መካከለኛ አስም ያለባቸው ሰዎች ድርሻ ከ40 በመቶ ወደ 20 በመቶ ዝቅ እንዲል፤
* በአስም ምክንያት በሆስፒታል የሚታለፉ ቀናት በግማሽ እንዲቀንሱ፤
* ለአንድ ታማሚ የሚወጣው ዓመታዊ ወጪ በግማሽ እንዲቀንስ።

አሠራር

በጤና ጣቢያዎች አስምን የሚከታተል ሐኪምና ነርስ ተመደበ፤ በመድኃኒት ቤቶችም ኃላፊነቱን የሚወስድ ፋርማሲስት ተመረጠ። እነዚህ ሰዎች ሥልጠና ወስደው ከሆስፒታል ስፔሻሊስቶች ጋር በቅርበት ይሠሩ ነበር። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ሲያስረክብ የኢንሄለር አጠቃቀሙን ጭምር ያያል፤ አሳሳቡ ትክክል ካልሆነ መድኃኒቱ አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራልና።

ሌላው ምሰሶ ታማሚው በባለሙያ እየተመራ ራሱን እንዲቆጣጠር ማድረግ ነበር። ታማሚው የትንፋሹን ኃይል ፒክ ፍሎው ሜትር በተባለ ትንሽ መሣሪያ ቤቱ መለካትን፣ መድኃኒቱን መቼ እንደሚጨምርና መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት ይማራል። ማጨስንና የሌሎችን የሲጋራ ጭስ መቀነስም የፕሮግራሙ አካል ነበር።

ውጤት

የሆስፒታል ቀናት እ.ኤ.አ. በ1993 ከነበሩበት 110 ሺህ ገደማ በ2003 ወደ 51 ሺህ ወረዱ፤ ቅናሹ 54 በመቶ ነው። በአስም የሞቱት ሰዎች በ1993 123 ሲሆኑ በ2003 85 ነበሩ። ለአንድ ታማሚ የሚወጣው ወጪ 36 በመቶ ቀነሰ፤ የታቀደው 50 በመቶ ግን አልተሳካም።

የታማሚዎች ቁጥር ራሱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ለአስም መድኃኒት ከመንግሥት ድጎማ የሚያገኙት ሰዎች ከ135 ሺህ ወደ 207 ሺህ ገደማ አድገዋል። በሽታው ይበልጥ መታወቁ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ስለተካሄደ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አካባቢ አልቀረም፤ ስለዚህ ከለውጡ ምን ያህሉ የፕሮግራሙ ውጤት እንደሆነ ለይቶ ማስላት ያስቸግራል።

ፊንላንድ ይህን ልምድ መሠረት አድርጋ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2018 ብሔራዊ የአለርጂ ፕሮግራም አካሂዳለች።