የፈተና ስንቅ በይፋት ቆላ

የይፋት ቆላ ወላጅ ለልጁ ፈተና ምን ያደርግ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከትምህርት ቤት መዝገብ ይልቅ ከማሽላ ማሳ ቢጀምር ይሻለዋል። በሸዋ ሮቢትና በቀወት ዙሪያ ማሽላ ሚያዝያና ግንቦት ይዘራል፤ ሰኔ ይኮተኮታል። በሐምሌ ለጤፍና ለማሾ ማሳ ይታረሳል። መስከረም ጠብቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይወርድበታል፤ ያን ጊዜ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮኸው ልጅ ነው። ከብት የሚጠብቀው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ አረም የሚነቅለውም ልጅ ነው። እንዲህ ባለ አገር አባት ለልጁ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ የሚበልጠው አንድ ቀን ነው። «ዛሬ በሬውን ተወው፤ እኔ አለሁ» ብሎ የሚለቅለት ቀን።

እኔ በዚሁ ቆላ ተወልጄ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተፈትኛለሁ፣ ፈትኛለሁ፣ ልጆቼንም አስፈትኛለሁ። ስለ ፈተና ጭንቀት ምክር ሲሰጥ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ፊደል ያልቆጠሩት ወላጆቻችን ናቸው። ምክሩ የሚላቸውን ብዙ ነገሮች እነሱ ማንም ሳይነግራቸው ያደርጓቸው ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሳይመጣ በፊት ይፋት ተማሪ አልነበረውም ማለት አይደለም። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የገዛው ይህ አገር እስላምና ክርስቲያን ጎን ለጎን የኖሩበት ነው፤ ትምህርቱም በሁለቱም ወገን ሥር የሰደደ ነበር። ደረሳው ቤቱን ትቶ ሼሁ ዘንድ ይከርማል፤ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ የኔታን ፍለጋ ይሄዳል። ወላጅ መርቆ ይሸኛል፤ ከዚያ በኋላ ልጁን የሚያበላው የሌላ መንደር ሰው ነው። የሌላውን ልጅ የሚያበላ ቤት የራሱንም ልጅ ሌላ ሰው እንደሚያበላለት ያምናል። ፈተናውም ሌላ ዓይነት ነበር። ተማሪው የያዘውን በመምህሩ ፊት በቃሉ ይወጣዋል፤ ከተሳሳተ ይመለስና ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንደገና ይቀርባል። ዱላ አልነበረም አልልም፤ ነበር፣ አንዳንዴም የከፋ። ሆኖም የአንድ ልጅ ዕድሜ ልክ በአንድ ሳምንት የሚወሰንበት ቀን አልነበረም። ይህ ቀን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነው። ወላጁም አዲስ ሥራ የተጨመረበት ያኔ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ወደ ገጠሩ ሲገቡ የስድስተኛውና የስምንተኛው ክፍል ፈተና «ሚኒስትሪ»፣ የአሥራ ሁለተኛው «ማትሪክ» ተባለ። በልጅነቴ ከእኛ መንደር ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ብዙው ልጅ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። መንገዱ በደብረ ሲና አልፎ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በቆፈሩት የጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። የቆላ ልጅ በዚያ ብርድ ጣቱ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ የእናት የመጀመሪያ እገዛ ጋቢ ነበር። ሁለተኛው ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሽሮና የበርበሬ ቋጠሮ። ከቤት የሚመጣው ስንቅ ሲዘገይ ልጁ የቤቱን ችግር ያነባል፤ ሲደርስለት ደግሞ እናቱ በሕይወት እንዳለችና ገና ተስፋ እንዳልቆረጠች ያውቃል። ደብዳቤ የማይጻፍበት ቤት ወሬውን የሚልከው በዚያ ቋጠሮ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የላይኛው ክፍል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ። በ1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። አባቴ በዚያ ዘመቻ ማታ ማታ እየሄደ ፊደል ቆጠረ፤ እኔም በዚያው ዘመን ለሚኒስትሪ ፈተና እዘጋጅ ነበር። በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ሁለታችን እናጠና ነበር፤ እሱ «ሀ ሁ»ን፣ እኔ ሒሳብን። ነጭ ጋዝ ውድ ነበርና ሁለት ኩራዝ አይበራም። ጠዋት ስንነሣ የሁለታችንም አፍንጫ በጥቀርሻ ይጠቁራል። ያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለአገሬ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ እኔ አስበልጬ የማየው ይህን ነው፤ አባትና ልጅን እኩል ተፈታኝ አደረጋቸው። አባቴ መማር እንዴት እንደሚያደክም በገዛ ራሱ ስላወቀው «ለምን አላወቅህም?» ብሎኝ አያውቅም።

ማትሪክ የተፈተንኩት በ1977 ነው። ያን ዓመት ማስታወስ ይከብደኛል። ድርቁ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃንም አልማረም። ከብት በየመንገዱ ወደቀ፤ እህል ከገበያ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1975፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ነበርና ማትሪክ መውደቅ ማለት ውጤት ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ቀበሌው ስምህን ሊጠራ ይችላል ማለት ነው። ወላጆች ይህን ያውቁ ነበር፤ ልጆችም እናውቅ ነበር። እናቴ ግን ስለ ውትድርና አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጋዙ ሲያልቅ ከጎረቤት ተበድራ ታመጣለች፤ ስለት ትሳላለች፤ ጎረቤታችን የነበሩት ሙስሊም እናት ደግሞ በየሶላታቸው ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ስለ እኔ በሁለት መንገድ ሲለምኑ መስማቴ እስከ ዛሬ ያጽናናኛል። ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ነጥብ አላመጣሁም፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። ውጤቱን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ አባቴ ወረቀቱን በዝግታ አነበበው፤ ማንበብ ስለሚችል። ከዚያም «እህል አልበላህም፤ ቁጭ በል» አለኝ። በዚያ ዓመት እህል ማለት ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው የአነጋገሩ ክብደት ይገባዋል።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነገሩ ተለዋወጠ። የድሮው ማትሪክ ቀርቶ የአሥረኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች መጡ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ወደ ወረዳዎች ቀረቡ። የደጋው ጉዞ ቀረና የገጠር ልጆች ሸዋ ሮቢት ከተማ ቤት መከራየት ጀመሩ። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፤ በገበያ ቀን እናት ወይም ታናሽ እህት እንጀራውን ይዛ ትመጣለች። በአስተማሪነት ዘመኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ይህን ነው፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ካለ ቅዳሜና እሑድ ሲኮተኩት የሰነበተ ነው፤ ሐሙስና ዓርብ የሚያንቀላፋ ከሆነ ስንቁ አልቆበታል።

በከተማው ያለን ወላጆች ግን በዚህ ጊዜ መንገዳችንን ቀየርን። ተምረናልና መግፋት ጀመርን። አስጠኚ ቀጠርን፤ አጋዥ መጽሐፍ ገዛን፤ ቴሌቪዥን ዘጋን። «የእገሌ ልጅ ስንት አመጣች?» የሚለው ጥያቄ ከቡና ጋር ይቀርብ ጀመር። የቀደሙት ወላጆች ከልጁ ትከሻ ላይ ሥራ ያነሡ ነበር፤ እኛ የራሳችንን ተስፋ ጫንንበት። ከዚያ ወዲህ ፈተና ሲቃረብ ሆዴን አመመኝ የምትል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ ሳይከደን የምታድር፣ ያጠናችው ሁሉ እንደጠፋባት እያለቀሰች የምትነግረኝ ተማሪ በዝታ አየሁ። ሰነፎቹ አልነበሩም የሚታመሙት፤ ጎበዞቹ ነበሩ።

በ2008 የሆነውን የማይረሳ ብዙ ነው። ግንቦት 22 ሊጀመር የነበረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጣና ተሰረዘ፤ ተማሪው ለሐምሌ ተቀጠረ፤ በፈተናው ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ለቆላ ገበሬ ግን የፈተና ወደ ሐምሌ መሻገር ማለት እርሻ ማለት ነው። ልጁን አስፈትኖ ሊያሳርሰው ያሰበ አባት እንደገና «ተወው» ማለት ነበረበት። ብዙዎቹም አሉ።

ከዚያ የባሰው መጣ። በኮሮና ምክንያት የ2012 ፈተና እስከ 2013 አጋማሽ ዘገየ። በ2013 የበልግ ወራት የአጣዬ ከተማ በግጭት ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትም ከግጭቱ አላመለጠችም። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ከተማችን ገባ፤ የሕወሓት ኃይሎች ያዟት፤ በዚያው ወር ተለቀቀች። በአማራ ክልል ጦርነቱ የደረሰባቸው አካባቢዎች ተማሪዎች በኋላ ለብቻቸው በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። በዚያ ሰሞን ስንቅ የሚለው ነገር የመሸሻ ስንቅ ሆኖ ነበር። ቤቱ የተዘረፈበት ወላጅ ለልጁ ደብተር ሲፈልግ አይቻለሁ። ደብተሩ ከቤቱ ዕቃ ጋር ጠፍቶበት፣ ከጓደኛው ማስታወሻ ገልብጦ ያጠና ልጅ አስተምሬያለሁ።

የ2014 ተፈታኞች ደግሞ በአዲስ ሥርዓት ተጠሩ፤ ፈተናው ከመስከረም 30 ቀን 2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሆነ። የመጨረሻዋ ልጄ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። እንደገና ጋቢ ታጥፎ ወጣ፤ እንደገና የጣርማ በር መንገድ። ልዩነቱ ስልክ ይዞ መግባት መከልከሉ ነው። የእኔ እናት ስንቅ ትልክ ነበር፤ እኛ ከአውቶቡሱ በር ወዲያ ምንም ማድረግ አልቻልንም። ወቅቱ ግሪሳ የሚወርድበት ስለነበር የገጠሮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ሸኝተው በቀጥታ ወደ ማማቸው ሄዱ። እናት ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፍ ስታጮኽ ያየሁት ያኔ ነው። በልጇ ተራ ገብታ ነበር።

ውጤቱ ጥር 2015 ይፋ ሆነ። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3። በቀጣዩ ዓመት ከመቶ 3.2 ሆነ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ታሪክ አስተማሪ ሳያቸው የማነበው የአገር ትምህርት ቤቶችን ውጤት ነው። ከመቶ ዘጠና ስድስት ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ ሰነፍ አይሆንም። መጽሐፍ ለሦስት፣ ለአራት የሚካፈል ተማሪ፣ ቤተ ሙከራ ያላየ፣ ዓመቱ በግጭት የተቆረጠበት ተማሪ ያመጣው ውጤት ነው። ልጆቹ ግን ቁጥሩን የራሳቸው ጥፋት አድርገው ወሰዱት፤ ቤተሰብም ዝም ሲል አብሮ የፈረደባቸው መሰላቸው። በዚያ በ2015 ጥር ብዙ ልጆች ለቀናት ከቤት አልወጡም። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት፣ በሽንኩርት ንግድ የምትተዳደር፣ ልጇን ይዛው ገበያ ወጣች። ጎረቤት ሲጠይቃት ቀድማው መለሰች፤ «አልሆነለትም፤ ይደግማል።» ልጁ ማቀርቀሩን ተወ። ካላለፉት ለተመረጡ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት ሲጀመር እሱም ገባ።

ከዚያ ወዲህ ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሲሰጥ ቆይቷል። ያውም ክረምቱ ገብቶ ማሾ የሚዘራበት፣ ጤፍ የሚታረስበት ጊዜ ነው። የፈተናውን ቀን የሚቆርጡ ሰዎች የቆላውን እርሻ ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ ከፈተናው በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ለአንድ ልጅ ነጻ ማድረግ ለአንድ ገበሬ ቤት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከአዲስ አበባ ሆኖ አይታይም። ለይፋት ወላጆች የምለው ግን ሌላ ነው። እርሻውን ሁለት ሳምንት ያዙለት፤ ጎረቤት ለጎረቤት በወንፈል ተጋገዙ፤ አባቶቻችን ይህን ያውቁበታል። ሲያጠና እንዲያድር አታስገድዱት፤ ይተኛ፤ ጠግቦ ይሂድ። የሌላ ሰው ልጅ ስንት እንዳመጣ ቤታችሁ ውስጥ አታንሡ። ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ወደ ፈተናው ሲሄድ፣ ቢያልፍም ባያልፍም ተመልሶ የሚገባበት ቤት እንዳለው በአፋችሁ ንገሩት። ልጁ ያውቀዋል ብላችሁ አትለፉት፤ ብዙዎቹ አያውቁትም።