ዋግን መቅደም፦ የስንዴ በሽታ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ከጉርድ ሾላ እስከ አርሲና ባሌ

መግቢያ

ጉርድ ሾላ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ በስሙ የእንስሳት ይባል እንጂ፣ የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤትም መቀመጫ ነው። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤትም በዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ ይገኛል። ስለ ስንዴ ዋግ ከየማሳው የሚሰበሰበው መረጃ የሚያልፈው በእነዚህ ተቋማት በኩል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ በሽታውን ቀድሞ የማወቅ ሥራ ቋሚ በጀት ያለው የመንግሥት አገልግሎት ሊሆን ይገባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ዝርያዎች፣ ሁለት ወረርሽኞች

ስንዴን የሚያጠቁት ዋጎች ሦስት ናቸው፦ የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ። ሦስቱም ነፋስ ርቆ በሚወስዳቸው ስፖሮች (ለመራባት በሚያገለግሉ ደቃቅ ብናኞች) የሚዛመቱ ፈንገሶች ናቸው። ተስማሚ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኙ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ትውልድ ይሰጣሉ። በአንድ ማሳ ጥግ የታየ ጥቂት ምልክት በዚያው መኸር ወረዳን ሊያዳርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተለቀቀው ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ በምርታማነቱ ተወዶ በስንዴ አምራች ደጋዎች በስፋት ተዘራ። በ2010 ግን የኩብሳን መከላከያ የሚያልፍ ቢጫ ዋግ ተነሣ፤ ከ600,000 ሔክታር በላይ ስንዴም ተጠቃ። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ፊቱን ዲገሉ ወደተባለ ሌላ ዝርያ አዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ብቻ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ዩጋንዳ ላይ የታወቀውንና በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ሆኖም በ2013 መገባደጃ ቲኬቲቲኤፍ የተባለ፣ ከዩጂ99 ወገን ያልሆነ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አጠቃ። ክፉኛ በተጎዱት ማሳዎች የሚታጨድ ምርት አልቀረም ማለት ይቻላል።

ከሁለቱ ወረርሽኞች የሚገኘው ትምህርት ዝርያዎቹን ያወጡ ተመራማሪዎችን የሚያስወቅስ አይደለም። ፈንገሱ ይለዋወጣል። አንድ ዝርያ ሰፊ መሬት በያዘ ቁጥር፣ ያንን ዝርያ ማጥቃት የሚችለው የዋግ ዓይነት የሚራባበት ቦታም አብሮ ይሰፋል። የአንድ ዝርያ ተወዳጅነት የራሱን ዕድሜ ያሳጥራል።

የማስጠንቀቂያው አሠራር

በድንበር ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ለዚህ ችግር መልስ አይሆንም። የ1992ቱ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚገባን ዘርና ችግኝ ለማስፈተሽ ያስችላል፤ በነፋስ የሚመጣ ስፖር ግን በኬላ አያልፍም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ነፋሱን ራሱን መከታተል ጀመሩ።

ሥራው የሚጀምረው ከማሳ ነው። የአሰሳ ባለሙያዎች የበሽታውን ዓይነትና መጠን፣ የሰብሉን የዕድገት ደረጃና ቦታውን መዝግበው ይልካሉ። የብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይህን ከአየር ጠባይ ትንበያ ጋር አዛምደው፣ ስፖሮቹ በሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ወዴት እንደሚነፍሱና ባረፉበት ቦታ የመብቀል ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ያሰላሉ። የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ፣ ሲሚትና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ደግሞ ስሌቱን ወደ ምክር ለውጠው ለግብርና ባለሙያዎችና ለገበሬዎች ያደርሳሉ። የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ውጤታማነት በሚረጭበት ጊዜ ላይ ስለሚመሠረት፣ የጥቂት ቀናት ቅድሚያ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ሊያተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ የዋጉን ማንነት በፍጥነት መለየት ነው። ቀድሞ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ ወራት ያልፉ ነበር። የብሪታንያው ጆን ኢነስ ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎችና ከሲሚት ጋር ያዘጋጀው ማርፕል የተባለ ዘዴ፣ በመዳፍ በምትያዝ የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያ ቢጫ ዋግን በሁለት ቀን ገደማ ይለያል። በ2018 በኢትዮጵያ ተሞክሮ ሥራው እዚሁ ሊከናወን እንደሚችል ታይቷል።

ያልተሟሉ ጉዳዮች

ሦስት ነገሮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው፣ የሥርዓቱ ስሌት በአብዛኛው በውጭ አጋሮች አቅምና ገንዘብ ላይ የቆመ መሆኑ ነው፤ ፕሮጀክት ያልቃል፣ ዋግ ግን አያልቅም። ስሌቱን እዚሁ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማፍራትና ደመወዛቸውን ከመደበኛ በጀት መክፈል ያስፈልጋል። ሁለተኛው የበጋ መስኖ ስንዴ ነው። የምግብ ዋስትናን የሚደግፍ ትልቅ ሥራ ቢሆንም፣ በደረቁ ወራት አረንጓዴ ስንዴ ማሳ ላይ ስለሚገኝ ዋጉ ከመኸር ወደ መኸር የሚሸጋገርበት ድልድይ ሊሆን ይችላል። አሰሳው እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ መካሄድ አለበት። ሦስተኛው እስከ ገበሬው ማሳ ያለው የመጨረሻው ርቀት ነው፦ መልእክቱ ደርሶት መድኃኒት ወይም መርጫ ያላገኘ ገበሬ ማስጠንቀቂያው አልጠቀመውም። ስለዚህ ትንበያው በወጣ ሳምንት በየወረዳው ያለው የመድኃኒት ክምችትም አብሮ መታየት አለበት።

ማጠቃለያ

ተቋቋሚ ዝርያ የመከላከሉ መሠረት ሆኖ ይቀጥላል፤ በየአካባቢው የተለያዩ ዝርያዎች እንዲዘሩ ማበረታታትም ግድ ነው። ነገር ግን ኩብሳም ዲገሉም ሲወድቁ አዲሱ የዋግ ዓይነት ከመረጃው ቀድሞ ማሳ ደርሶ ነበር። ዛሬ መረጃው እንዲቀድም የሚያስችል ዕውቀትና መሣሪያ አለ። ይህን አቅም በየዓመቱ በእርዳታ ተስፋ ላይ ማንጠልጠል በስንዴ ራስን የመቻል ዕቅድ ከያዘ መንግሥት አይጠበቅም፤ የዋግ አሰሳና ትንበያ እንደ ዘርና እንደ ማዳበሪያ ሁሉ በመደበኛው የግብርና በጀት ውስጥ ቦታውን መያዝ አለበት።