የሃያ አንድ ቀን ወር

ሠላሳ ቀን ያለው ወር ከቤታችን ከወጣ ይኸው ሦስተኛ ዙራችን ነው። ባለቤቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት፤ መድኃኒቱ የሚሰጣት በየሃያ አንድ ቀኑ በመሆኑ ቤታችንም የሚተዳደረው በዚሁ ቁጥር ነው። አማቴ ቁጥሩን ሲሰሙ «የማርያም ዕለት ነው፤ አትፍሩ» አሉ። እኔ ደግሞ ታሪክ ማገላበጥ ይቀናኛልና ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ፈለግሁ። ፍለጋው ሄዶ ሄዶ ያደረሰኝ ተከዜ ዳር ነው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። በሌሎቹ ግንባሮችም ቀጠለ፤ ከማይጨው በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ያፈገፍግ የነበረውም ሠራዊት ከዚያው መርዝ አላመለጠም። ኢጣልያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት ያጸደቀች አገር ነበረች። የመከላከያ ሚኒስቴሯ አድራጎቱን ያመነው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ።

ፈረንጆች «የሰናፍጭ ጋዝ» ይሉታል። ከጾም ገበታችን ሰናፍጭ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙን ያገኘው ከሽታው ነው። ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሣርና ቅጠል ላይ ተኝቶ ይቆያል። በባዶ እግሩ የሚዘምተውን ወታደራችንን እንደዚያ የፈጀውም ለዚህ ነው። የባለቤቴ አያት ከዘመቻው ሲመለሱ ከጉልበታቸው በታች ቆዳቸው ተልጦ እንደ ነበር በቤተ ሰቡ ይነገራል፤ እስኪሞቱ ድረስ ጫማ እንደ ልባቸው አላጠለቁም።

የቆዳው ቃጠሎ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ደም ውስጥ ነበር። ኤድዋርድና ሔለን ክረምባር የተባሉ አሜሪካውያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚህ ጋዝ የተመቱ ወታደሮች ነጭ የደም ሕዋሳት ክፉኛ መመናመናቸውን እ.ኤ.አ. በ1919 ጻፉ። በ1942 ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን ሌላ ጥያቄ አነሡ። ነጭ የደም ሕዋስን የሚያጠፋ ነገር፣ ከዚያው ሕዋስ የሚነሣውን ካንሰር ለምን አያጠፋም? ድኙ በናይትሮጅን የተተካበትን የመርዙን ዓይነት ተስፋ ለቆረጠ አንድ በሽተኛ ሰጡት። ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሟ፤ ዳሩ ግን ተመልሶ መጣና ሰውየው ሞተ። ነገሩ የጦርነት ምሥጢር ስለ ነበር ለዓለም የተገለጠው በ1946 ነው። በመካከሉ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 (እ.ኤ.አ.)፣ ጀርመኖች በኢጣልያ የባሪን ወደብ ሲደበድቡ፣ ይህንኑ መርዝ በድብቅ የጫነች «ጆን ሃርቪ» የተባለች የአሜሪካ መርከብ ፈነዳች። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለ ሐኪም ተልኮ የተመቱትን ሰዎች ደም መረመረ፤ ያንኑ መመናመን አገኘ።

ባነበብኳቸው የዚህ ሕክምና ታሪኮች ውስጥ ባሪ ሰፊ ቦታ አላት። ተከዜና አሸንጌ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተሰጣቸውም። የእነዚያን ሰዎች ደም ማን ቆጥሮት! ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

የዚያ መርዝ የልጅ ልጅ የሆነው ሳይክሎፎስፋማይድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በጀርመን አገር ተሠራ። ጉበት እስኪቀሰቅሰው ድረስ የሚተኛ መድኃኒት ነው። ባለቤቴ ከምትወስዳቸው ሁለት መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛው፣ እኛ «ቀዩ» የምንለው ዶክሶሩቢሲን፣ የተገኘው ካስቴል ዴል ሞንቴ ከተባለ የኢጣልያ ጥንታዊ ግንብ አካባቢ ከተዛቀ አፈር፣ በአፈሩ ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ግንቡ ከባሪ እምብዛም አይርቅም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። መድኃኒቶቹ ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሕዋስ ሁሉ ይመታሉ፤ ወዳጅና ጠላት አይለዩም። ነጭ የደም ሕዋስ የሚመረትበት የአጥንት መቅኔም አብሮ ይጎዳል። የሕዋሱ ቁጥር ከሰባተኛው ቀን ገደማ አንሥቶ ይወርዳል፣ እስከ አሥራ አራተኛው ባለው ጊዜ ወለሉን ይነካል፣ በሃያ አንደኛው ገደማ ያገግማል። ከዚያ በፊት ቢደገም በሽተኛዋ አትችለውም፤ ብዙ ቢዘገይ ዕጢው ፋታ ያገኛል።

ይህ ስሌት እቤት ሲገባ ሌላ መልክ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሽታ ቀናት ናቸው። ሽንኩርት አይቁላላም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ቡናችን ጎረቤት ቤት ይፈላል። የልጆቹ ወጥ እህቴ ዘንድ ተሠርቶ ይመጣል፤ ለእሷ የቀዘቀዘ የተቀቀለ ድንችና አጥሚት ይበቃል። መድኃኒቱ ፊኛዋን እንዳያቆስል ብዙ ውሃ መጠጣት አለባት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን ይህ ማለት ጄሪካኖቹ ከዋዜማው ሞልተው ማደር አለባቸው ማለት ነው። በሽንትና በላብ ስለሚወጣም በሁለቱ ቀናት ልብሷንና አንሶላዋን ለብቻ፣ ጓንት አጥልቄ አጥባለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ከሁሉ ይከብደኛል፤ ሰው የመከልከል ሳምንት ነው። በአገራችን በሽተኛ ይጠየቃል፤ ሳይጠይቅ የቀረ ይታማል። በዘጠነኛው ቀን አንዲት አክስቷ ከጎጃም ድረስ እርጎ ይዘው መጡ። ጉንፋን ይዟቸዋል። «እትዬ፣ መሳም የለም» ብዬ ወንበር ግቢ ውስጥ አወጣሁላቸው፤ በመስኮት አወሩ። ተቀየሙ። እርጎውንም ልጆቹ ጠጡት፤ ያልፈላ ወተት፣ ጥሬ ሥጋና ሰላጣ በዚህ ሳምንት ለእሷ ክልክል ነውና። ከዚያ ወዲህ ለዘመድ ሁሉ አስቀድሜ ስልክ እየደወልኩ «ከአሥራ አምስተኛው ቀን በኋላ ኑ» እላለሁ። ማታ ማታ ትኩሳቷን እለካለሁ፤ 38 ዲግሪ ከደረሰ ንጋት አይጠበቅም። ትንሽ ሻንጣ በር ሥር ተዘጋጅታለች፤ የባለታክሲው ጎረቤታችን ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ አለ።

ከአሥራ አምስተኛው እስከ ሃያኛው ያሉት ቀናት የራሳችን ናቸው። ማኅበር፣ ለቅሶ መድረስ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ ገበያ፣ ሁሉም እዚያ ይታጨቃል። ጭቅጭቃችንም ሳይቀር ለዚያ ሳምንት ይቀጠራል።

የመድኃኒቱን ዘር የነገርኳት በሦስተኛው ዙር፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ነው፤ ራሷ ስለ ጠየቀችኝ። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ አዳመጠችና «አያቴ ሲቃጠሉ በምን ታጠቡ ይሆን?» አለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር የተናገሩትን ነገርኳት፤ ውሃውም ተመርዞ ነበር። ብርጭቆዋን አቀበለችኝ፤ ከጄሪካኑ ቀድቼ ሞላሁላት።