የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ

የንባብ ክፍል፦ ፊልሞና 8–20



ወደ ዛንዚባር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ለባሕሩ ነው። እኛም ደሴቲቱን ስንጎበኝ መጀመሪያ ዐይናችንን የያዘው ነጩ አሸዋና የኮኮናት ዛፉ ነበር። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶቹና ቅርጻ ቅርጽ ያለባቸው የእንጨት በሮቹ ያምራሉ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚሁ ከተማ ግን ጎብኚውን ጸጥ የሚያሰኝ አንድ ግቢ አለ። ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል የቆመበት ይህ ስፍራ ቀድሞ ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር።

ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አፍሪካ ተፈንግለው ለወራት በእግር የተነዱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከጠረፍ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ይሻገሩ ነበር። ገሚሶቹ እዚያው በቅርንፉድ እርሻ ሲቀሩ ሌሎቹ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይወሰዱ ነበር። ይህን ስናነብ በሌላው ሃይማኖት ላይ ጣት ለመቀሰር አንቸኩል። ክርስቲያን ነን የሚሉ ነጋዴዎችም ለሞሪሸስና ለሬዩንዮን የስኳር እርሻዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ሰው ገዝተዋል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1873 ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዝ ግፊት ንግዱን የሚያቆም ውል ፈረሙ፤ ገበያውም ተዘጋ። በዚያው ዓመት በገና ቀን የካቴድራሉ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሥራውን የመሩት ጳጳስ ኤድዋርድ ስቲር ሐዲስ ኪዳንን ወደ ስዋሂሊ የተረጎሙ ሰው ናቸው። አስጎብኚዎች እንደሚናገሩት መሠዊያው ያለው ባሪያዎች ታስረው ይገረፉበት ከነበረው ዛፍ ቦታ ላይ ነው። ውስጥ አንድ የእንጨት መስቀል አለ፤ የተሠራውም የዴቪድ ሊቪንግስተን ልብ ከተቀበረበት ዛፍ ነው። የሊቪንግስተንን አስከሬን ከዛሬዋ ዛምቢያ እስከ ባሕር ጠረፍ ተሸክመው ካመጡት መካከል አንዱ ቹማ ነበር፤ እርሱም በልጅነቱ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የተለቀቀ ሰው ነው።

በግቢው ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት ሐውልቶች ቆመዋል። ስዊድናዊቷ ክላራ ሶርናስ እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራቻቸው ናቸው። እዚያ ቆሞ ብዙ ማውራት አይቻልም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ገበያው በ1873 ቢዘጋም በዛንዚባር ባርነት በሕግ የቀረው በ1897 ነው። ገበያው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ሰው የሰው ንብረት ሆኖ 24 ዓመት ቆይቷል። መሠዊያ መትከል አንድ ነገር ነው፤ ልብ እስኪለወጥ ድረስ መታገል ሌላ ነገር ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተፈንግሎ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድም ተማረ። ሲጠመቅ የተሰጠው ስም ጳውሎስ ስለ እርሱ የጻፈለት የዚያ የባሪያው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእርሱ የድካም ፍሬ ነው። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ መርከቡ ተይዞ ነጻ የወጣች ናት። ስንቶቻችን ነን ወንጌልን የተቀበልነው ተሸጠው ከነበሩ ሰዎች እጅ መሆኑን የምናስታውስ?

በአገራችን ባርነት እ.ኤ.አ. በ1942 በአዋጅ ተሽሯል። ስድቡ ግን ከአፋችን አልወጣም። ለጋብቻ ምክር በተቀመጥንበት አንድ ቤት፣ ጌታን የሚወዱ ሁለት ወጣቶች ፊት፣ «አጥንቱ ይጣራ፤ የባሪያ ዘር ነው ይባላል» ሲባል ሰምተናል። እውነቱን እንናዘዝ፤ አልገሠጽንም። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ጊዜ እንስጠው» ብለን ጸለይንና ወጣን። ጋብቻውም ቀረ። በዛንዚባር ከሰንሰለቱ ፊት ስንቆም ትዝ ያለን የዚያ ወጣት ፊት ነበር። በዚያ ቀን በገበያው ከቆሙት ተመልካቾች በምን ተሻልን?

ጌታችን የተሸጠው በሠላሳ ብር ነው። ይህም በሙሴ ሕግ በሬ ለወጋው ባሪያ ይከፈል የነበረው ካሳ ልክ ነው (ማቴ. 26፥15፤ ዘጸ. 21፥32)። የክብር ጌታ በባሪያ ዋጋ ተገመተ፤ እኛን ግን በገዛ ደሙ ገዛን። እንግዲህ እርሱ በደሙ የዋጀውን ሰው እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ልናረክሰው ምን ሥልጣን አለን? ጳውሎስ ፊልሞናን የለመነው ኦኔሲሞስን እንደ ተወደደ ወንድም፣ እንደ ራሱ እንደ ጳውሎስ አድርጎ እንዲቀበለው ነው። እኛስ ወንድማችንን በጌታ ማዕድ ተቀብለን በቤታችን ማዕድ እንመልሰዋለን?

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ሰው ምንም ዋጋ ቢያወጣላችሁ የእግዚአብሔር ልጅ ሕይወቱን ሰጥቶላችኋል። ይህ ዋጋ አይወርድም።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ዝም ስላልንበት ቀን ይቅር በለን። በቃላችን ያቆሰልናቸውን ሄደን ይቅርታ እንድንጠይቅ ድፍረት ስጠን። ከልባችን ውስጥ ያልተዘጋውን ገበያ አንተ ዝጋው። አሜን።